የፔጊ የሚካኤል ዳቦ

የተወደድሽ ልጄ ሞራግ፣ ቅዱስ ሚካኤል በካናዳም በክንፉ ይጋርድሽ። እኛ ደህና ነን፤ ቀይዋ ላም ወልዳለች። አክስትሽ ፔጊ ግን ለሚካኤል በዓል ሦስት ሳምንት ሲቀረው አረፈች።

የበዓሉን ዳቦ ዘንድሮ እኔው ጋገርኩ። አጃና ገብሱን አቡክቼ፣ እንቁላልና ስልባቦት ቀብቼ እንዲበስል እሳቱ ዳር አቆምኩት። ሽማግሌው ጎረቤታችን ላክላን ቀምሶ ቁራሹን መልሶ አስቀመጠው። «ምነው?» ስለው፣ «ዳቦስ ዳቦ ነው፤ የፔጊ ግን አይደለም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔ ከላሞቹ ጋር ስል፣ ፔጊ ስትጋግር አንድ ቀን እንኳ አጠገቧ ቆሜ አላየሁም። ከሥሯ የማትጠፊው አንቺ ነበርሽ።

ብርዱ እንዳይመታሽ ደረትሽን ሸፍኚ። ሲመችሽ እንዴት ታቦካ እንደነበር፣ ስታቦካም ምን ብላ ትጸልይ እንደነበር ጻፊልኝ። እናት ከልጇ ብትማር ነውር የለውም። እግዚአብሔር እጅሽን ይባርክልኝ።

እናትሽ ካትሪዮና