ድንጋዩን ያወረዱት አባባ ናቸው

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ ይዘንጋሽ፣ ኩዌት።

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽንስ ተሻለሽ ወይ? የምታስታምሚያት አሮጊት አሁንም ሌሊቱን ስታስነሳሽ ታድራለች? እንቅልፍ አጥተሽ እንዳትከሺብኝ እሰጋለሁ። እኛ ስለ ቸርነቱ በሕይወት አለን። ደኅና ነን ብዬ ግን አልዋሽሽም። የታችኛውን ማሳ ገብስ ውርጭ መታው፤ እማማን ጉልበቷን ያማታል፤ እኔና አባባ ደግሞ ከአንድ መሶብ መብላት ትተናል።

ባለፈው ስትደውዪ፣ «የቤታችንን ገመና ደመወዝ ለሚከፈላት ሴት ትዘከዝኪያለሽ አሉ፤ ለመሆኑ ወሬ ምን ያድናል?» አልሽኝ። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁት። እዚህ ቤት በስልክ ያወሩት ሁሉ ይሰማል፤ ስለዚህ መልሴን ጽፌ ለመሲ ሰጥቻታለሁ፣ ወደ ኩዌት ስትመለስ ታደርስልሻለች።

አንዷለም ምን እንዳደረገኝ፣ ክሱም ፍርድ ቤት እንደደረሰ ታውቂያለሽ። የአባባ የክርስትና ልጅ ነው፣ እንደ ወንድሜ ነው ብዬ ከራቤል በአይሱዙው ተሳፈርኩ፤ ጓሳ ላይ ሰው በሌለበት አቁሞ ደፈረኝ። ከዚያ ወዲህ የናፍጣ ሽታ ሲመጣብኝ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል፤ ተማሪዎቼ ፊት ቆሜ የምናገረው ይጠፋኛል። መጀመሪያ ጠበል ሄድኩ፤ የተውኩትም ጠልቼው አይደለም። ለነፍስ አባታችን ለአባ ወልደ አማኑኤል ስነግራቸው አለቀሱልኝ፤ ቀጥለው ግን ሱባኤ ያዥ አሉኝ። እትዬ፣ ሱባኤውን መያዝ የነበረበት ማን ነው? ንስሐ የምገባው ለሠራሁት ነው እንጂ ለተሠራብኝ ነው?

ደብረ ብርሃን ያለችው አማካሪ፣ ሲስተር ስንታየሁ፣ ክኒን አልሰጠችኝም። በሩን ዘግታ፣ «እዚህ የተባለ እዚህ ይቀራል፤ ሕይወትሽ ያሰጋኝ ቀን ብቻ ሰው እጠራለሁ፣ ያንንም ለአንቺ ነግሬ ነው» አለችኝ። በመጀመሪያው ቀን አንድ ቃል ሳልተነፍስ ተነስቼ ወጣሁ። አልተቆጣችም፤ «ሳምንት እጠብቅሻለሁ» አለች። ስመለስ ተናገርኩ። ለምን መኪናው ውስጥ ገባሽ አላለችኝም። ለምን አልጮህሽም አላለችኝም። ሽታው ሲመጣብኝ እግሬን መሬት ላይ ተክዬ፣ ዓይኔ ያየውን አንድ በአንድ በስሙ እየጠራሁ ወደ ራሴ እንድመለስ አለማመደችኝ። ድኛለሁ አልልሽም። አሁንም እቃዣለሁ። ግን ደወል ሲደወል ክፍል እገባለሁ።

አባባ ይህን ሲሰሙ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሴትዮዋ የምታስታርቅ መስሏቸው፣ ከሽማግሌው ከጋሽ ዳኜ ጋር ቅቤ ይዘው ደብረ ብርሃን ድረስ ሄዱ። «አንቺን ትሰማለች፤ ፍርድ ቤት ቀርባ እንዳትመሰክር ምከሪልን» አሏት። እሷም፣ «አባቴ፣ የምትወስነው እሷ ናት። ያወራችኝንም አልነግርዎትም። እርስዎን የከበደዎት ነገር ካለ ግን ወንበሩ ይኸው፣ ይቀመጡ» አለቻቸው። አባባ ቅቤያቸውን ይዘው ተመለሱ። «ደመወዝ እየበላች አንዲት ምክር የላትም! ጭራሽ እኔን ተቀመጥ ትለኛለች፤ እብድ መሰልኳት?» እያሉ መንደሩን አሳቁት። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ያለፈው እሑድ ግን ሳቅ አልነበረም። ከቅዳሴ ስንመለስ አንዷለም ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተንበርክኮ አገኘሁት። ሽማግሌዎቹ ከኋላው ቆመዋል። ጋሽ ዳኜ፣ «አውርድ በይው ልጄ፤ አንዲት ቃል ናት። የክርስትና ወንድምሽ አይደለም ወይ?» አሉኝ። እማማ ነጠላዬን ትጎትታለች። ላቡ ሲንጠባጠብ ቆሜ አየሁት። «አልልም» አልኩ። «ከደከመው ራሱ ያውርደው። እኔ ፍርድ ቤት እቀርባለሁ።» ያኔ አባባ ከመካከላቸው ወጡና ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አንስተው መሬት አስቀመጡለት። ግንባሩንም ሳሙት። ወደ እኔ ዞር ብለው አላዩም። እትዬ፣ ጓሳ ላይ ለደረሰብኝ ቃል አግኝቼለታለሁ፤ ለዚህኛው ገና አላገኘሁም።

ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው፤ እመሰክራለሁ። አንቺ እንድታግባቢኝ እማማ እንደለመነችሽ አውቃለሁ። ደውዪልኝ፤ ግን ይቅር በይው ልትዪኝ አትደውዪ። እስክጨርስ ስሚኝ፣ ሌላ አልፈልግም። አንቺም ከመጀመሪያው አሠሪሽ ቤት በሌሊት ለምን እንደወጣሽ ለማናችንም ነግረሽ አታውቂም። ደኅና ነኝ ስላልሽ ብቻ ደኅና ናት ብለን ተኛን። አልጎተጉትሽም። የምትናገሪበት ቀን ከመጣ ግን ቻዪው አልልሽም።

እማማ ዓይንሽን ሳላይ አይግደለኝ ትላለች። ታናሻችን ማሙሽ ድምፁ ጎርንኗል፣ ብትሰሚው አታውቂውም፤ ናፍቃኛለች በይልኝ ብሏል። አክስታችን ጌታነሽ ጉንጭሽን ትስምሻለች። አባባ ይህን መጻፌን አያውቁም። ስምሽን ሳይጠሩ ግን ውለው አያውቁምና የእሳቸውንም ሰላምታ እኔው ጽፌልሻለሁ።

እህትሽ ኮከብ ፈንታ
ሞላሌ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.