ስለ ሩቁ ምትና ስለ ወገብህ

ግርማዬ፣ የኔ ጌታ፣

ከሄድክ አንድ ክረምት አልፎ ሌላው ሊገባ ነው። ስላንተ ለሰው ማውራት ስላቃተኝ፣ ላንተው ልጻፍልህ ብዬ ተቀመጥኩ።

ቤቱ ደህና ነው። የሸዋ ሮቢት ሙቀት እንደምታውቀው ነው፤ ዘንድሮማ ብሶበታል። ልጃችን ሂሩት ደብረ ብርሃን ትምህርት ጀምራለች፤ በደወለች ቁጥር ስለ ብርዱ ታማርራለች። ወንድምህ መሬቱን ማሾ ዘርቶበታል። ሲያርስ ካንተ የቀሩ ነጫጭ ኳሶች እየወጡ በሬዎቹን አስደነበሩበት። ሰብስቦ አመጣልኝ። የት እንደማደርጋቸው ጨንቆኝ አልጋ ሥር ገፋኋቸው።

ለለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ምን ሆኖ ነው የሞተው እያለ ይጠይቀኝ ነበር። ኩላሊት ነው እላለሁ። እውነት ነው፣ ኩላሊት ነው። ግን ነገሩ ከየት እንደጀመረ ልንገራቸው ብል ማን ይገባዋል? ጎልፍ እዚህ ማን ያውቃል? እኔም ብሆን ካንተ የሰማሁትን ነው የማውቀው።

ስታገባኝ፣ አዲስ አበባ ጎልፍ ሜዳ የተጫዋቾች ዱላ እየተሸከምክ በዓይንህ ተምረህ፣ ፕሮፌሽናል ለመባል በቅተህ ነበር። ስምህ የሚነሳው ኳሱን ቀጥ አድርገህ በመምታትህ ነው። መሃሉ ሣሩ የታጨደ ነው፣ ዳርና ዳሩ ረጅም ሣርና ዛፍ ነው፣ ዳር የወጣ ይቀጣል ብለህ ስታስረዳኝ፣ ይሄማ ቀላል ነው ብዬ ስቄብህ ነበር። አንተ ዳር አትወጣም ነበራ።

ከዚያ ናይሮቢ ለውድድር ሄደህ ተመለስክ። ዱላህን ግድግዳ ላይ አስደግፈህ ተቀመጥክ። ራት ቀርቦልህ እንኳ አልነካህም። በኋላ ነው የነገርከኝ። ወጣቶቹ ባላቸው ጉልበት ሁሉ ነው የሚመቱት፤ ሣር ውስጥ ቢገባ፣ ዛፍ ሥር ቢወድቅ ግድ የላቸውም። ካንተ በጣም ቀድመው ስለሚርቁ፣ ከሣሩ ውስጥም ሆነው በአጭር ዱላ ጉድጓዱ አጠገብ ያሳርፉታል። «እኔ መሃል ላይ ቆሜ ከሩቅ በረጅም ዱላ እታገላለሁ። ቀጥ ማለቴ ምን ጠቀመኝ?» አልከኝ።

እንደለመድከው ምታ አልኩህ። «እንደለመድኩትማ እየተሸነፍኩ ነው» ብለህ ፈገግ አልክ። ያ ፈገግታህ አስፈርቶኝ ነበር።

ወደዚህ መጥተህ፣ ማሽላው ከተነሳ በኋላ ባዶው መሬት ላይ በየማለዳው ትመታ ጀመር። ድምፁ እስከ ቤት ይሰማኝ ነበር። ኳሱ እየራቀ ሄደ፤ ያ ቀጥ ማለቱ ግን ጠፋ። ቀጥሎ የወገብህ ሕመም መጣ። ፀሐዩ ሲበረታ ትገባና ሲሚንቶው ስለሚቀዘቅዝልህ መሬት ላይ ትንጋለላለህ። ሐኪም ይይህ ስልህ፣ ይሄ ውድድር ይለፍ ትለኛለህ። አንዱ ሲያልፍ ሌላው ይመጣል። የሕመም ማስታገሻ ኪኒኑን መጀመሪያ ሲያምህ ብቻ ነበር የምትውጠው። ኋላ ሳያምህም፣ እንዳያምህ ብለህ ትውጥ ጀመር።

እግርህ አብጦ ጫማ እምቢ ሲልህ ነው አዲስ አበባ የወሰድንህ። ሐኪሙ ማስታገሻውን ከመቼ ጀምሮ እንደምትወስድ ሲጠይቅህ ዞር ብለህ እኔን አየኸኝ፣ እንድመልስልህ። እኔም አላውቅም ነበር። ኩላሊትህን የጨረሰው ያ ኪኒን ነው አለን።

የኩላሊት እጥበቱ እስኪደክምህ ድረስ ቀጠለ። በመጨረሻው ሰሞን ስልክህ ላይ የውጭ አገር ውድድር ታይ ነበር። አንዱ ረጅም ልጅ ኳሱን ዛፍ ውስጥ ከትቶ፣ ከዚያው አውጥቶ አሸነፈ። «አየሽ? ልክ ነበርኩ» አልከኝ። ድምፅህ በግድ ነበር የሚወጣው። ልክ ነህ አልኩህ። ልክ መሆንህን ግን ዛሬም አላውቅም። ልክ ከሆንክ የሞትከው በልክ ነገር ነው፤ ካልሆንክም የሞትከው በከንቱ ነው። የቱ እንደሚሻለኝ አላውቅም።

አሁን የምነግርህ ነገር ነው ያስጻፈኝ። ሰይድ መጥቶ ነበር፤ ዱላህን ይሸከምልህ የነበረው የካራቆሬው ልጅ። እሱም ፕሮፌሽናል ሆኗል። አልቅሶ ሲያበቃ፣ ለመጀመሪያው ምት የሚሆነውን ያንን ትልቁን ዱላህን ለመነኝ። ሰይዴ፣ አንተ ቀጥ አድርገህ የምትመታ ልጅ ነህ፣ ይቅርብህ አልኩት። አንገቱን ደፋ። «እትዬ፣ ቀጥ አድርጎ በመምታት ዘንድሮ ማን ያሸንፋል? ጋሼ ግርማም የነገሩኝ ይሄንኑ ነው» አለኝ።

ያንተን ቃል ይዞ ሲመጣብኝ በምን አፌ ልከራከረው? ሰጠሁት። ባጃጅ ይዘን እስከ መናኸሪያ ሸኘሁት። ዱላውን አቅፎ ሲሳፈር ሮጬ ልቀማው ፈልጌ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደወለልኝ። ከነበሩት ሁሉ አርቆ መትቶ፣ ሦስተኛ ወጥቷል። «አልሐምዱሊላህ እትዬ! ጋሼ ቢያዩኝ!» ይላል። እልል አልኩለት። እውነቴን ነው፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ በነገር መሃል፣ ወገቤን ትንሽ ይዞኛል እንጂ ደህና ነኝ አለኝ።

ሐኪሙ ያለንን ሁሉ ነገርኩት። ኪኒን እንዳትውጥ፣ በፈጠረህ አምላክ እያልኩ ለመንኩት። «እሺ እትዬ፣ ኢንሻአላህ» አለኝ። እሺ አባባሉ ቁርጥ ያንተ ነው። እናቱ ጋ ደወልኩ። «እንጀራው ነው፣ ምን ላድርግ?» አለችኝ።

ግርማዬ፣ አንተ ብትናገረው ይሰማህ ነበር። እኔ ካንተ ሌላ የምከሰው የለኝም፤ አንተን ደግሞ መክሰስ አልችልም።

እስክከተልህ ድረስ ግን አልረሳህም። የማስበውም አልጋ ላይ የነበርከውን አይደለም። ሙሽራ ሆኜ ስታመጣኝ፣ ጣርማ በር ላይ ከዋሻው እንደወጣን ሾፌሩን አስቁመህ አወረድከኝ። ጉም ነበር፣ ብርዱ ያንሰፈስፋል። ጋቢህን ደርበህልኝ፣ ያውልሽ ቤታችን፣ ያ ቆርቆሮው የሚያበራው እያልክ ወደ ቆላው ታሳየኛለህ። አየሁት አልኩህ። ከጉም በቀር ያየሁት አልነበረም። አንተ ግን በጣም ደስ ብሎህ ነበር፤ እኔም ያንን ፊትህን ሳይ ቆየሁ።

ያንተው ባለቤት