የእናትሽ መቀስ እስፒሉን ለቀቀ

ውድ ልጄ፣

ስልኬን አላነሳ ስላልሽ በወረቀት መጣሁብሽ። ፊደሌ የዶሮ ጭረት መሆኑን ታውቂያለሽ። ያስቆጠረችኝ እናትሽ ናት፤ ከተጋባን በኋላ፣ በልብስ መስመሪያ ጠመኔዋ፣ በዚያው መቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ። በፊደሌ ብትስቂ በእሷ መሳቅሽ ነው። ሰው ይጻፍልህ ያሉኝም ነበሩ። የራሴን ጠብ በሰው እጅ አላስጽፍም ብያለሁ።

ነገሩ የመቀሱ ነገር ነው።

ያን ቀን የልጅሽን የሰርግ ቀሚስ ሐር ይዘሽ መጣሽ። “በእማዬ መቀስ ካልሆነ አልቆርጠውም” ብለሽ ጨርቁን ዘረጋሽ፣ እስፒሉን ሰካካሽ፣ መቀሱን አስጠጋሽ። እስፒሎቹ እየተነቀሉ ስለቱ ላይ ተለጠፉ። አንደኛው ሐሩን ጫረው።

“አባዬ! የእማዬን መቀስ ምን አደረግከው?”

“ምንም አልሆነም። ማግኔት ሆኖ ነው።”

“ማግኔት ሆኖ ነው? በገዛ እጁ ሆነ?”

እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከስለቱ ላይ መንቀል ጀመርኩ። አንቺም ሐርሽን ጠቅልለሽ፣ “ተወው፣ ሌላ እገዛለሁ” ብለሽ በሩን አላትመሽው ሄድሽ።

በሩስ ይላተም። “ሌላ እገዛለሁ” ያልሻት ግን አላስቀምጥ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ተቀምጬ አልበላሁም። እቆማለሁ፣ መስኮቱ ጋ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ሽቦ አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ።

አሁን ላስረዳሽ እንጂ ልለማመጥሽ አይደለም። እናትሽ በሕይወት ሳለችም ይህን ነገር እሠራ ነበር። ሚስማር ላይ የመዳብ ሽቦ ጠምጥሜ ጫፍና ጫፉን ከባትሪ ድንጋይ ጋር ሳገናኘው ሚስማሩ ብረት ያነሳል፤ ሽቦውን ሳላቅቀው ይጥላል። እሷ ትስቅብኝ ነበር። “ሚስማር ሲጠራህ ትሮጣለህ፣ እኔ ስጠራህ ጆሮህ ይደፈናል” ትለኝ ነበር።

ከሄደች በኋላ ሌላ ጥያቄ ያዘኝ። የማይጥል ብረት የትኛው ነው? ሚስማር ለስላሳ ነው፣ ወዲያው ይረሳል። አረብ ብረት ግን ይይዛል ይላሉ። እኔ ደግሞ “ይላሉ” በሚባል ነገር አላምንም። በዚህ ቤት ከእናትሽ መቀስ የጠነከረ ብረት የለም፤ ሽቦዬን ጠመጠምኩበት። ባትሪውን ካላቀቅኩትም በኋላ እስፒሉን አልለቅም አለ። ልጄ፣ ልቤ እንዴት እንደዘለለ ብነግርሽ ትቆጫለሽ። እንዴት እንደሚለቅ ግን አላሰብኩም። ማስያዝ እያለ ማስለቀቅን ማን ያስባል?

አንቺ እንደሄድሽ ቢላ የሚሞርደውን ሰውዬ ጠየቅኩት። “እሳት ውስጥ ክተተው፤ ብረት እሳት ሲያይ ሁሉንም ይረሳል” አለኝ። ደግነቱ መጀመሪያ በመርፌ ሞከርኩት። መርፌዋን ማግኔት አደረግኳት፣ ፍም እስክትመስል አጋልኳት፣ እስክትበርድ ጠበቅኳት። እውነትም ረሳች። ነገር ግን በጣቴ ስነካት እንደ ሰም ታጠፈች። እሳቱ ማግኔቷን ሲወስድ ጥንካሬዋንም አብሮ ወስዷል። የእናትሽን ስለት እንዲህ አላደርገውም።

ከዚያ መንገዱ ጥግ ላይ ያለው ቴሌቪዥን ጠጋኝ ዘንድ ሄድኩ።

“ድሮ ማግኔት ነክቶት ቀለሙ የተበላሸ ቴሌቪዥን ሲመጣልኝ በሽቦ ቀለበት ነበር የማጸዳው” አለኝ። “ከግድግዳው ሶኬት የሚመጣው መብራት እንደ ባትሪ ወደ አንድ አቅጣጫ አይሄድም፤ ወዲያና ወዲህ ይመላለሳል፣ ማግኔቱን ያደናግረዋል። መቀሱን ቀለበቱ ውስጥ አስገባና ቀስ እያልክ አርቀው። በደንብ ሳይርቅ እንዳታጠፋው ብቻ፤ ይብስበታል። ይኸው ቀለበቱ፣ ውሰድ።”

“የራሴን እሠራለሁ” አልኩት።

“ሽማግሌው፣ በቅሎ እንኳን እንዳንተ አትገግምም!”

ሠራሁት። ሰካሁት። መቀሱን አስገብቼ ገና ማራቅ ስጀምር መብራት ጠፋ። አየሽ ዕድሌን? መቀሱን አውጥቼ እስፒሎቹ ጋ ሳስጠጋው እንደ ንብ መንጋ ሰፈሩበት። ከበፊቱ ብሶበት አረፈው! መብራት ሲመጣ ደግሜ ብሰካው ቀለበቴ ጨሰ፣ ሽቦው ተቃጠለ፣ ቤቱ ሸተተ።

በማግስቱ ጠጋኙ ዘንድ ተመለስኩ። ምንም ሳይለኝ ቀለበቱን ከግድግዳው አወረደልኝ።

“ካልሳቅክብኝ አላምንህም” አልኩት።

“ስትሄድ እስቃለሁ” አለኝ።

ቤት ገብቼ ግን ወዲያው አልሰካሁትም። መቀሱ እንደዚያ ተበሳጭቶ እንዳለ በክር አንጠልጥዬ በስፌት መኪናዋ ስር፣ በወለሉ ጣውላ ስንጥቅ ላይ አንፏቀቅኩት። ለምን እንዳደረግኩት አትጠይቂኝ፤ እጄ ነው ያደረገው። ከስንጥቁ እስፒሎቿ ወጡ። የዛገ፣ የተጣመመ፣ ትናንት የወደቀ የሚመስል። ታስታውሻለሽ፣ እግርሽን እንዳይወጋሽ በጉልበቷ እየዳኸች ስትለቅም? ያመለጧት ሁሉ እዚያ ነበሩ። የጠመኔዋ ቆርቆሮ ውስጥ አጠራቀምኳቸው። መቀሱን ስለነኩ እነሱም ይሳሳባሉ፤ አንዱን ስታነሺ ሌላው ተንጠልጥሎበት ይወጣል። እነሱን አላጸዳኋቸውም። አላጸዳቸውምም። ያ የእኔ ነው።

ከዚያ ቀለበቱን ሰካሁ። መቀሱን አስገብቼ ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ፣ ጀርባዬ በሩን እስኪነካ ድረስ ቀስ እያልኩ አራቅኩት። በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ የማን በር እንደማንኳኳ እግዜር ይወቅ። አልጠፋም። አዲሶቹን እስፒሎች ዘርግቼ መቀሱን መሃላቸው ከተትኩ፣ አነሳሁ። አንድም አልተከተለውም።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስም ብሎኛል። ግን ደግሜ ከተትኩት። ደግሜ አነሳሁት። አንዷ እንኳን ብትመጣ እያልኩ ስንት ጊዜ እንደሞከርኩ አልነግርሽም። ይህን ደግሞ ለባልሽ እንዳታነቢለት።

መቀሱን በዘይት ወልውዬ በጨርቅ ጠቀለልኩት። ጠረጴዛዋንም ከሽቦ አጸዳሁላት። ከለቅሶው ጀምሮ “ይህን ኮተት አንሳ” ስትዪኝ የነበረውን ማለቴ ነው። ኮተት አይደለም፤ ግን አነሳሁት፣ አልጋዬ ስር ነው።

መቀሱን ከዚህ ወረቀት ጋር ለአውቶቡሱ ረዳት ልሰጠው አስቤ ነበር። ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። በሰው እጅ ቢጠፋስ? እኔው እንዳልመጣ ደግሞ “ሽማግሌው ይቅርታ ሊለምን መጣ” ትላላችሁ። በሉ እንግዲህ። ይህችን የመጨረሻዋን ገጽ የምጽፈው ጉልበቴ ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነው፤ ፊደሉ የሚዘለው መንገዱ ስለሚያንገጫግጭ ነው እንጂ የእናትሽ ጥፋት አይደለም።

ደብዳቤውን በበርሽ ስር አስገባዋለሁ። አላንኳኳም፤ መቀሱን ይዤ ደጅ እጠብቅሻለሁ። አንብበሽ ስትጨርሺ እስፒል ይዘሽ ውጪ፤ እዚያው ደጅሽ ላይ እንሞክረው። አንድ እስፒል እንኳን ከተከተለው ሌላ ግዢ፣ ቃል አልናገርም፣ ዞሬ እሄዳለሁ። ካልተከተለው ግን ሐሩን አምጪውና በእናትሽ መቀስ ቁረጪው።

ቶሎ በዪ ልጄ። አንድ ቦታ መቆም እንደማልችል ታውቂያለሽ።

ከበርሽ ማዶ፣
አባትሽ