ሁለተኛው ጥያቄ

አስቴርዬ፣

ከተለየሽን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን የምጽፍልሽ የየዕለቱን ውሎዬን በምመዘግብበት ደብተር ላይ ነው።

ቤቱ ደህና ነው። ጣራውን አስቀይሬያለሁ፤ ሱቁንም ወደ መናኸሪያው አስጠግቼዋለሁ። ዛሬም ማር ከአልዱባ፣ ባቄላ ከገዘር አመጣለሁ። ሊዲያችን ሰባት ዓመት ሊሞላት ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከባንኮኒው ጀርባ ሣጥን ላይ ቆማ ታግዘኛለች።

የመመረቂያ ጽሑፍሽን ማስታወሻዎች አልጣልኳቸውም፤ አንብቤያቸዋለሁ። የሕፃናትን አስተሳሰብ ስታጠኚ ለደመወዝ እድገት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከምታስተምሪያቸው ሕፃናት አንዳንዶቹን ቤት ታመጪና ሁለት እኩል ብርጭቆ በቆሎ ታሳያቸዋለሽ። «እኩል ነው ወይስ ይበላለጣል?» ስትያቸው «እኩል ነው» ይላሉ። አንዱን ወደ ቀጭን ረጅም ብርጭቆ ትገለብጪና ያንኑ ትደግሚላቸዋለሽ። ያኔ «ረጅሙ ይበልጣል» ይላሉ። የምታጠኚበት መጽሐፍም በዚያ ዕድሜ ዓይናቸው ያታልላቸዋል ይል ነበር። ሊዲያም በአራት ዓመቷ እንደዚያው መለሰች። እኔ «አንቺስ ነጋዴ አይወጣሽም!» ብዬ ሳቅሁባት። አንቺ አልሳቅሽም። በደብተርሽ ጥግ «መልሱን የቀየሩት ሁለት ጊዜ ስለጠየቅኋቸው ይሆን?» ብለሽ ጽፈሻል። ቀጣዩ ገጽ ባዶ ነው። በዚያው ሳምንት ሆስፒታል ገባሽ።

ስትሞቺ ዘመድ ሁሉ ለሕፃን መርዶ አይነገርም አለ። እናቴ «አዲስ አበባ ለሕክምና ሄዳለች በላት» አለችኝ። አልተስማማሁም፤ የማይመጣ ዕቃ ይመጣል ብዬ ሰው ማስጠበቅ አልወድም። ሊዲያን አጠገቤ አስቀምጬ እማዬ ሞታለች፣ ከእንግዲህ አትመጣም አልኳት። ሰማችኝና «አባዬ፣ እማዬ ትመጣለች?» አለች። መልሴን መድገም ነበረብኝ። አቃተኝና «እስቲ እናያለን» አልኳት።

ከዚያ ወዲህ እየቆየች ያንኑ ትጠይቀኝ ነበር፤ እኔም ያንኑ እመልስላት ነበር። ልጅ ናት፣ ሞት ገና አልገባትም ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ወር ከገዘር የመጣች አንዲት ደንበኛ ሱቅ ገባች። «ሊዲዬ፣ ጨው ስንት ነው?» አለቻት። ሊዲያ ነገረቻት። ሴትዮዋ ግንባሯን ቋጥራ «ስንት አልሽኝ?» ስትል ሊዲያ ወዲያው ዋጋውን ዝቅ አደረገችው። ሴትዮዋ «ኧረ ይቺ ከአባቷ ትሻላለች!» ብላ እየሳቀች ሄደች። ለምን ቀነስሽ ብላት «ደግማ ጠየቀችኛ! ደግመው ሲጠይቁ እኮ ይቀየራል» አለችኝ።

ባዶው ገጽሽ ትዝ አለኝ። የብርጭቆውን ጥያቄ አሁን ልሞክርልሽ ብል ሊዲያ አድጋለች፤ ምንም አያረጋግጥም። ያንን ያንቺ ትምህርት ሰዎች ይፈትሹት። የራሴ ስህተት ግን ገባኝ። ልጅቷ ሞትን ሳትረዳ ቀርታ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ደግማ ስትጠይቀኝ መልሴን ቀየርኩ፤ እሷም ከዚያ ወዲህ ሌላ ቅናሽ ትጠብቅ ነበር።

በተከታዩ ሳምንት በቆሎ ስንሰፍር እንደ ልማዷ ጠየቀችኝ።

«አትመጣም» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። «አትመጣም?»

ባንኮኒውን ያዝ አደረግሁ። «አትመጣም፣ ልጄ።»

ፊቷን ወደ መደርደሪያው አዞረች። አላቀፍኳትም፣ አልጠራኋትም፤ አጠገቧ ቆሜ ጠበቅኋት። በኋላ «የእማዬ ረጅሙ ብርጭቆ ለእኔ ይሁን?» አለች። ይሁን አልኳት። ይህን ደግማ አልጠየቀችኝም።

አስቴርዬ፣ በባዶው ገጽሽ ላይ የጨውን ነገር ጽፌበታለሁ። ጽሑፍሽን አይጨርሰውም፤ ግን ካንቺ ጥያቄ ሥር ይቀመጥ። አልረሳሽም። ሊዲያ አንድ ቀን እናቴ ትወደኝ ነበር ወይ ብላ መጠየቋ አይቀርም። አሥር ጊዜ ብትደጋግመውም መልሴ ያው አንድ ነው።

ባልሽ