ከፎቶው የተቆረጠው ጎን

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክልኝ? ወገብህ ተሻለህ? ልጆቹስ? ትንሿ ጥርስ አበቀለች ብላ እማማ በስልክ ነግራኛለች። እኔን እንዴት ነሽ የሚለኝ ሰው ባይኖርም ሳልጠየቅ ልመልስ፦ ደህና ነኝ። ጉንፋን ይመላለስብኛል እንጂ ሌላ የሚወራ በሽታ የለኝም።

ሦስት ዓመት ሙሉ ተኳርፈን ድንገት ወረቀት ሲደርስህ ምን ሆነች ብለህ እንዳትደነግጥ። ሰው አልሞተም። በስልክ እንዳልነግርህ ጆሮዬ ላይ መዝጋት ታውቅበታለህ። ወረቀት ግን ቢቀደድ እንኳ መጀመሪያ ይነበባል።

ሥራዬን ለእማማ «ቢሮ ነው» ብያት አልፌያለሁ። ላንተ ልንገርህ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ አሥራ ሁለት ሆነን በተርታ እንቀመጥና ሰዎች በማኅበራዊ ሚዲያ የሚለጥፉትን ስናነብ እንውላለን። ለእኔ የደረሰኝ የኛ ምድር ወሬ ነው፤ ለብቻችን እንቁም የሚሉትና አንለያይም የሚሉት የሚወራወሩት። የኛን አነጋገር የማውቀው እኔ ብቻ ስለሆንኩ የሚያስቅ ነገር ባገኝ እንኳ የማሳየው ሰው የለኝም። ያየነውን ውጭ ማውራትም ክልክል ነው። ምሳዬን ግድግዳ እያየሁ እበላለሁ። አከራዬ የምታናግረኝ ቧንቧውን ጠበቅ አድርጊው ለማለት ነው። እውነቱን ልንገርህ፣ የራሴን ድምፅ የምሰማው ሳስል ብቻ የሆነበት ቀን አለ። ብቸኝነት እንዲህ መሆኑን አላውቅም ነበር።

አለቃችን በመጀመሪያው ቀን ያለችንን አልረሳውም። «እንገንጠል ማለት ሐሳብ ነው፤ አንገንጠል ማለትም ሐሳብ ነው። እሱ አያገባንም። እናንተ የምታዩት ጸሐፊው አንባቢውን በምን እንደያዘው ነው፤ በማስረጃ ነው ወይስ አንገቱን አንቆ?» አለች። ስለዚህ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁጥር፣ «ሁሉም ያውቃል» የሚባል ምስክር፣ የትናንት ጎረቤትን «እነሱ» የሚያደርግ ቃል፣ ሰው ቆም ብሎ እንዳያስብ የሚያጣድፍ «ዛሬ ካልሆነ መቼም»፣ ያለ ቦታው የገባ ፎቶ እየለቀምን ምልክት እናደርጋለን። መጀመሪያ ይከብዳል፤ በኋላ ዓይን ይለምዳል። አሁንማ አከራዬ «ተከራዩ ሁሉ በአንቺ እያጉረመረመ ነው» ስትለኝ «ተከራዩ ሁሉ ስንት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት። ከእኔ ሌላ አንድ ተከራይ ነው ያላት፤ እሱም ጆሮው አይሰማም።

ባለፈው ማክሰኞ አንድ ልጥፍ መጣልኝ። የገጹ ባለቤት ስሙን አልጻፈም። ፎቶው የተቃጠለ የልብስ ስፌት ቤት ነው። ከላዩ «እነሱ ያቃጠሉት የአንድ ደሃ ልብስ ሰፊ ሱቅ። ነገ ተራው ያንተ ነው። ሳታመነታ ለሃያ ሰው አድርስ» ይላል። እጄ እንደ ልማዱ ሄደ፤ ማስፈራራት፣ «እነሱ»፣ ማጣደፍ። ከዚያ ጭንቅላት የሌላትን የልብስ ማሳያ አየኋት። ግማሽ ትከሻዋ ከስሏል። አባባ ሱቁን ሲከፍት «ወይዘሮ፣ እንዴት አደሩ?» የሚላት!

ያንን ፎቶ ያነሳኸው አንተ ነህ። ያሳተምከውም ሁለት ነው፤ አንዱ ያንተ፣ አንዱ የእኔ። «ለሃያ ሰው አድርስ» የሚለው ላይ መሳቄን አልደብቅህም፤ ለጎረቤት መልእክት አድርስ ስትባል ኳስ ሜዳ የምትቀር ሰው! ሳቄ ግን አልቆየም። ከሥር የተጻፈውን አነበብኩ። አንዱ «ጎረቤቱ ያ ጫማ ሰፊ ከነሱ ወገን አይደል እንዴ?» ይላል። ሌላው ሱቁ ስንተኛው በር እንደሆነ ጽፏል። አንተ አልጻፍክም፤ ግን አላጠፋኸውም። እሑድ እማማ በወሬ መሀል «ጫማ ሰፊው ሱቁን አልከፈተም፤ መስኮቱን ሰብረውበታል። ምን ያለ ዘመን መጣ!» አለች። የቀረውን አልሰማኋትም።

የአባባ ሱቅ የተቃጠለ ቀን ባልዲ ይዞ ሁላችንንም የቀደመው እሱ አልነበረም? የጋለውን የብረት በር በባዶ እጁ ከፍቶ፣ መዳፎቹ ተላልጠው፣ ሁለት ወር ወስፌ መያዝ አልቻለም።

ወንድሜ፣ ካውያውን ሳልነቅል የሄድኩት እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር። በምሳ ሰዓት የደንበኛ ሱሪ ተኩሺ ተብዬ፣ ጓደኛዬ ከደጅ ስትጠራኝ እንደተሰካ ትቼው ወጣሁ። አንተ ከጭሱ ውስጥ ስትወጣ አባባን «አንድ ሰው በመስኮት እሳት ወርውሮ ሲሮጥ አየሁ» አልከው። አጠገብህ ቆሜ ነበር። ዝም አይነቅዝም ብዬ ዝም አልኩ። ምናልባት እውነትም ሰው አይተህ ይሆናል እያልኩ ራሴን ሳባብል አሥራ ሁለት ዓመት ሆነኝ። አባባ እስኪሞት ድረስ በበራችን የሚያልፈውን ሁሉ ፊት እየመረመረ ኖረ።

ማክሰኞ ከሥራ እንደገባሁ የእኔን ፎቶ አውጥቼ ገጹ ላይ ካለው ካንተው ጋር አስተያየሁት። የእኔ ሰፊ ነው። በቀኝ በኩል ጠረጴዛው አለ፣ ካውያው አለ፣ ገመዱም ግድግዳው ላይ እንደተሰካ አለ። ያንተው ግን የወይዘሮ ትከሻ ላይ ተቆርጧል። አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሁሉ ሕዝብ ስታታልል እንኳ እኔን ከፎቶው ማውጣት አልረሳህም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የኛው እያደር ከበደ፤ የሚሸከመው ደግሞ ጫማ ሰፊው ሆነ።

ትናንት ለአለቃዬ ነገርኳት። የሚያውቁትን ሰው ልጥፍ ለሌላ ሠራተኛ አሳልፎ መስጠት ደንብ ነው፤ ሰጠሁ። ግን ፎቶው ሐሰት ነው የሚል ሰው ቅጹ ላይ «እንዴት አወቅህ?» የሚለውን መሙላት አለበት። «ካውያውን ሳልነቅል የሄድኩት እኔ ስለሆንኩ» ብዬ ጻፍኩና ስሜን አኖርኩበት። አለቃዬ አንብባ ስትጨርስ «ነይ ሻይ እንጠጣ» አለችኝ። እዚህ ከመጣሁ ነይ ያለኝ ሰው የመጀመሪያዋ እሷ ናት።

ነጻነት አትፈልግ አላልኩህም። ምድራችን ለብቻዋ ብትቆም ይበጃል የምትልበትን ምክንያት በስምህ ጻፍ፤ እኔም ላላምንበት እችላለሁ፣ ግን አንብቤ አሳልፈዋለሁ። በእኔ ካውያ ግን አይሁን።

ገጹ ቢዘጋም ያመኑት ሰዎች አምነው ቀርተዋል። ስለዚህ ለጫማ ሰፊውም ጽፌያለሁ፤ ሁሉንም፣ ሙሉውን ፎቶ ጨምሬ። ከዚህ ከአንተው ጋር አንድ ላይ ፖስታ ቤት አስገብቼዋለሁ። እሱ ፊደል እንደማይለይ ታውቃለህ። ደብዳቤ ሲመጣለት ከልጅነትህ ጀምሮ የምታነብለት አንተ ነህ፤ ገጹ የማን እንደሆነ ስለማያውቅ አሁንም ይዞልህ ይመጣል። ከአንተ ሌላ የሚያምነው አንባቢ የለውም። በደብዳቤው ውስጥ የእኔን ጥፋት እንጂ ስለ አንተ አንድ ቃል አላስገባሁም። ያንተን ድርሻ አንተው ትጨምርለታለህ ወይም ትተወዋለህ።

ፈጣሪ ልጆችህን ያሳድግልህ፣ ወገብህን ያጽናልህ፣ አንደበትህን ያቅናልህ። ስታነብለት ግን፣ በሞቴ፣ ለእኔ ብለህ አንድ መስመር እንዳትዘል።

ታናሽ እህትህ