ለእንግዳ ክብር የቆሸሸው ወንዛችን

ይድረስ ለጥሩወርቅ፣ ለቤቴ እመቤት፤

ከተለየሽኝ ዓመት አለፈ። ቤቱ ደኅና ነው፤ ጣራውን አሳድሻለሁ፣ ጽጌረዳሽም አብቧል። ብዕር ያነሣሁት ግን ስለ ወንዛችን ነው። ከሌላ ከምትሰሚው እኔ ልንገርሽ።

የቅሬያችን ሰዎች፣ ዕድር ሰው ከመቅበር ሌላ ሥራ የለውም ሲሉ፣ ከቤታችን በታች ያለው ወንዝም እየሞተ ነው፣ እሱንስ ማን ያስታምመው ብለሽ አሳፈርሻቸው። ወንዙ ውስጥ ቆሻሻ የደፋ ሰው ቀብር እንደቀረ ተቆጥሮ እንዲቀጣ ያስወሰንሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ በየቅዳሜው ስንጠርግ፣ ከዳሩ ሸምበቆና አኻያ ስንተክል ከረምን። ውኃው የጠራ ዕለት ጫማዬን አስወልቀሽ እግሬን አስነከርሽኝ። ጎረቤት ያየናል ብዬ ሳፍር እንዴት ሳቅሽብኝ!

ዘንድሮ ለአብዮት በዓል ትላልቅ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። የቀበሌያችን ሊቀመንበር አሁን ሞገስ ነው፤ እኔ ክርስትና ያነሣሁት፣ አንቺ እንደ ልጅሽ ያበላሽው፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አካፋ ይዞ የሚቀድመን ሞገስ። እንግዶቹ የሚያልፉበት በር በለምለም ይሸለም ብሎ ሸምበቆውንም አኻያውንም አስጨፈጨፈው። ከዋናው መንገድ የተጠረገው ቆሻሻ ሁሉ ወንዙ ውስጥ ተደፋ፤ ከመንገድ አይታይማ! የደፉትም የቅሬያችን ሰዎች ናቸው። ምነው ልጄ ብዬ ብጠይቀው፣ ጋሼ፣ እንግዳ የሚያየው መንገዱን እንጂ ገደሉን አይደለም፣ ደግሞ ይበቅላል አለኝ። እንግዶቹ በማኪና ሽው ብለው አለፉ። የመስከረም ዝናብ የተራቆተውን ዳር ናደው።

ለቅሬው ከሰስሁ፤ ውሳኔሽን ጠቀስሁ። በመጨረሻ የቅሬው ዳኛ፣ መምህር፣ ሁላችን ደፍተን ማን ማንን ይቀጣል አለኝ። ይህ ከሞገስ ሥራ ይበልጥ አቃጠለኝ።

ለሙት ዓመትሽ ሞገስ መጣ። ጋቢውን አገልድሞ ጠላ ሲቀዳ ዋለ፤ ልጅ ማለት እንዲህ ነው እያሉ መረቁት። ለእኔም ቀድቶ ሲዘረጋልኝ አልተቀበልሁትም። ሰው በሰው ፊት ማሳፈር እንደማልወድ ታውቂያለሽ። ከዚያ እጅ ግን መጠጣት አልቻልሁም። ዋንጫውን እንደያዘ ብዙ ቆመ።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻዬን እወርዳለሁ። ቆሻሻውን አወጣለሁ፤ ከተረፈው ሥር እየነቀልሁ ሸምበቆውን መልሼ እተክላለሁ። እንደማልጨርሰው አውቃለሁ። ካህናቱ ስምሽን በጸሎት ይጥሩ፤ እኔ የማስብሽ እዚያ ጭቃው ውስጥ ቆሜ ነው። ከእንግዲህ የሚከዳሽ ቢኖር ጉልበቴ ነው፤ እኔ አይደለሁም።

ባልሽ