ስለ ሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃና ስለ አማቼ ፀጉር

ለተከበሩ የክለባችን የቦርድ ሊቀመንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ፣ እንደምን ሰንብተዋል? የደም ግፊትዎ ልክ እንደ ቡድናችን ደረጃ ዝቅ ብሎ እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ከግቡ ጀርባ ባለው ሲሚንቶ ላይ የተቀመጥኩ ፀጉር አስተካካይ፣ ወደ ታችኛው ሊግ ከወረድንበት ቅዳሜ ወዲህ እህል አልወርድ ቢለኝም ደህና ነኝ። ብዕር ያነሳሁት ለመውቀስ ሳይሆን ለማመስገን ነው።

፩. ደስታ ሲበዛ ልብ እንደሚጎዳ ተገንዝበው፣ እየመጠኑ ስለሰጡን አመሰግናለሁ። በዓመቱ አጋማሽ ሦስት ጨዋታ በተከታታይ ስናሸንፍ የማላውቀውን ሰው አቅፌ አልቅሻለሁ፤ ለባለቤቴም ዋንጫው ከየትኛው መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ አሳይቻታለሁ፤ የኔ መደርደሪያ ይመስል። እርስዎ ግን በሳምንቱ አጥቂያችንን ለተፎካካሪያችን አሳልፈው በመስጠት ወደ አቅላችን መልሰውናል።

፪. በመጨረሻው ቅዳሜ ላለመውረድ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃን ነበር። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኳት ታናሽ እህቴ በማግስቱ ሙሽራ ስለነበረች፣ እኔ ከስታዲየም ቀርቼ እጮኛዋን ወንበሬ ላይ አስቀምጬ ጨዋታውን በሬዲዮ እከታተል ነበር። ኳስ የማይወደው አማቼ ልቤን ፀጉሩ ላይ እንዳደርግ በትሕትና ለምኖኝ፣ እኔም ቃል ገብቼለት ነበር። በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ፣ ዜሮ ለዜሮ ሳለን፣ አምስት ኳስ ያዳነው በረኛችን ወጥቶ የእርስዎ የእህት ልጅ ገባ። ዓመቱን ሙሉ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ልጅ አንድ ፎቶ እንኳ እንዲተርፈው አስበው ማዘዝዎን የሰማሁት ኋላ ነው። የመጀመሪያዋ ኳስ በእግሮቹ መካከል ሾልካ መረቡ ላይ ስታርፍ፣ ቶንዶሴም ከአማቼ ማጅራት ተነስቶ አናቱ ላይ ደረሰ፤ ሰፈራችን ለዓመታት ሲለምን የኖረው ዓይነት ቀጥ ያለ መንገድ ተከፈተ። አማቼም ሙልጭ ብሎ ተላጭቶ ተሞሸረ። በሠርጉ ፎቶ ላይ የካሜራው ብልጭታ ከራሱ እየነጠረ የእህቴን ፊት ሸፍኖታል፤ እሷም አንድ ወር ከአሥር ቀን ዘጋችኝ።

፫. ስለ ዕረፍቱም አመሰግናለሁ። ሁለተኛ ኳስ ላላይ ምዬ ስካርፌን ለጎረቤቴ ለጫማ ሰፊው ሰጠሁ። በሦስተኛው ቅዳሜ ግን ባለቤቴ፣ ድስቱን ሁሉ እየከፈትኩ አላሠራ ስላት፣ እባክህ ከቤት ውጣልኝ ብላ ለመነችኝ።

ባለፈው ሳምንት እህቴ ሱቄ መጣች። ሳትቀመጥ፣ እውነት ኳስ ትቼ እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አዎ አልኳት። በልጅነቷ አባታችን ትከሻው ላይ አድርጎ ስታዲየም ይወስዳት ነበርና ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከዚያ በር ላይ ቆማ፣ «ለከርሞ ለሦስታችንም ቦታ ያዝ። እሱም ይምጣ፤ ፀጉሩን የገበረበትን ነገር አንድ ቀን በዓይኑ ይየው» አለችኝ።

ስካርፌን ከጫማ ሰፊው የተቀበልኩት በዚያው ቀን ነው።

እርስዎ ከለስላሳው ወንበርዎ፣ እኛ ከሲሚንቷችን፣ በታችኛው ሊግ እስክንተያይ ድረስ፣ ዝቅ ብለን እጅ እንነሳለን፤ ከዚህ በላይ ዝቅ የምንልበት ሊግ ካለ ግን አስቀድመው ያሳውቁን።

አክባሪዎ፣
ፀጉር አስተካካዩ

ሳልረሳው፦ የስታዲየሙ የጓሮ በር መቀርቀሪያው ተሰብሮ ለመጣ ለሄደው ሁሉ ክፍት ነው። ጠባቂ የሚቀጥሩ ከሆነ፣ አደራዎን፣ ይህንን በር እንኳ ለባዕድ ይስጡት።